ምንም ምርመራ አያስፈልጋትም

መጀመሪያ ነገር፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የዘይቱ ጠርሙስ ቢጫ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናው ጠርሙስም ቢጫ ነው። ጥፋተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ መሆኔ ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻ የዚያን ቀን ጠዋት ለማዳም ልጆች እንቁላል ልጠብስ መጥበሻው ላይ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ሳማስለው፣ እንቁላሉ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። ልጆቹ በደስታ ጮቤ ረገጡ። ማዳም ግን ከፎቅ ወርዳ መጥበሻውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠርሙሱን አንስታ አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋችልኝ።

«አበራሽ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘይት» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ኸላስ! በቃ!» አለች።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዋላሂ አይደለችም። ሻርጃ እሷ ቤት ስገባ፣ አሁን ስልክ ላይ ተጥዳ የምትውለው ትልቋ ልጇ ገና በዳዴ ትሄድ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚያ ቤት ድስት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ግን ረመዳን ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል፤ በረመዳን ደግሞ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ለኢፍጣር የሚሰበሰበው እሷ ቤት ነው። ሳሙና የምትጠብስ ሴት ይዛ እንዴት ትገባበታለች? በዚያው ዕለት ደውላ ቡር ዱባይ ካለ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ የኢንሹራንሱንም ወረቀት ራሷ ጨረሰችው። ከዚያ አስቀምጣ ነገረችኝ።

«ሐኪሙ ከሐሙስ በኋላ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከዒድ በኋላ ነው። ሐሙስ ዓይንሽን ካሠራሽ ሥራሽ ይጠብቅሻል። ካላሠራሽ ሌላ ሴት አመጣለሁ፣ አንቺም አገርሽ ገብተሽ ታርፊያለሽ። እስከዚያው ወደ ምድጃው እንዳትጠጊ።»

ታርፊያለሽ! ዕረፍት ማን ጠየቀ? ከማብሰል ሌላ ሙያ የለኝም። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ቀኝ ዓይኔን ነጭ ጉም ሸፍኖት፣ ግራው ደግሞ እሱን እየተከተለ፣ ደብረ ታቦር ብገባ ማን ይቀጥረኛል? ቁርጤን አወቅሁት። ወይ ሐሙስ፣ ወይ ምንም።

ሰኞ ክሊኒኩ ሄድኩ። ዶክተር ፋሩቅ የሚባለው ሱዳናዊ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ ጥርሱ የማያልቅ ሰው ነው። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፎ በብርሃን እያበራ ሁለቱንም ዓይኔን አየ፣ በሌላ መሣሪያ ለካኝ፣ ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ሞራ ነው። የቀኙ በደንብ በስሏል፤ ይወጣል። ስኳር አለብሽ?»

«የለብኝም።»

«ደም ግፊት?»

«ማዳም ስትጮህ ብቻ።»

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ልብሽን አሞሽ ያውቃል? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

«የሩዝ ከረጢት ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ» አልኩት። ትንሽ አጋንኜ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ከዚያ እጅጌዬን እስከ ብብቴ ጠቅልዬ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ደሜን ውሰዳ።»

ሳቀ። «ደምሽን ምን አደርገዋለሁ? ምንም ምርመራ አያስፈልግሽም። ደም የለ፣ ራጅ የለ፣ የልብ ምርመራ የለ። ጠብታ ጨምሬ ዓይንሽን አደነዝዘዋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ነው። ሐሙስ ጠዋት ነይ፤ ሌላ ነገር አታስቢ።» አለና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ፈገግ አለ።

ያቺ ፈገግታ ናት ጉድ የሠራችኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሳይመረምር የሚያክም ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር ጣቱን እሾህ የወጋው ሰው እንኳ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ሳይባል አይወጣም። ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት መስኮት ተንከራቶ፣ ራጁን በትልቅ ፖስታ ታቅፎ ቤቱ ሲገባ ነው ታከመ የሚባለው። ምርመራ አያስፈልግም የሚባለው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አጎቴን ጋሼ ነጋሽን ሐኪሙ «ከእንግዲህ ምንም ምርመራ አያስፈልጋቸውም፤ ቤታቸው ወስዳችሁ ያማራቸውን አብሏቸው» ብሎ ትከሻቸውን ቸብ ቸብ ያደረገ ዕለት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጓሮ ዞሮ አለቀሰ። እሳቸው ግን «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ድነዋል» ተባሉ። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ክትፎ በልተው፣ በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ሜትሮም አውቶቡስም እያቀያየርኩ አጅማን እስክደርስ ጋሼ ነጋሽ ከፊቴ አልተለዩም።

አጅማን ያለችው ቢድ ስፔሳችን፣ በአልጋ ተካፍለን የምንከራያት ክፍል፣ ስድስት አልጋ፣ አንድ ፍሪጅና አንድ ኤልሳቤጥ አላት። ዕረፍት ሲሰጠን የምንሰበሰበው እዚያ ነው፤ እኔም እስከ ሐሙስ የማድረው እዚያ ነው። ኤልሳቤጥ የመንዝ ልጅ፣ እኩያዬ፣ የቤቱ አዛዥ ናት። ማን የታችኛው አልጋ ላይ፣ ማን የላይኛው አልጋ ላይ እንደሚተኛ የምትወስነው እሷ ናት፤ ስለ ሕክምናም የማታውቀው ነገር የለም። ከእኔ ጋር ስምንት ዓመት ተነታርከናል። ሁለተኛዋ ሹኩሪያ ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የውበት ሳሎን ውስጥ የምትሠራ፣ ሽንኩርት ሳይከተፍ የምታለቅስ። የቀሩት ሥራ ላይ ነበሩ።

«እህሳ፣ ደም ወሰደ?» አለችኝ ኤልሳቤጥ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«አልወሰደም።»

«ሽንት?»

«አልጠየቀም።»

«ራጅስ?»

«ምንም ምርመራ አያስፈልግሽም አለኝ።»

ኤልሳቤጥ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሲነግርሽ ተኮሳትሮ ነው ወይስ ስቆ?»

«ስቆ።»

«ትከሻሽን ነካሽ?»

«ቸብ ቸብ አደረገኝ።»

ሹኩሪያ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ውኃውን ከፍታ ስትንሰቀሰቅ በግድግዳው ይሰማል። ኤልሳቤጥ እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ የእኔ እህት። ምንም አይደለም። ደህና ነሽ።»

ኤልሳቤጥ በስምንት ዓመት ውስጥ አይዞሽ ብላኝ አታውቅም። ጣቴን በር ቆርጥሞኝ እንኳ «ለምን አታዪም» ነው ያለችኝ። ማታ የላይኛው አልጋ ላይ ልወጣ ስል «ውረጂ፣ የእኔ ላይ ተኚ» አለችኝ። ጠዋት ስነቃ ደግሞ፣ ከራሷ የፍሪጅ መደርደሪያ፣ ስሟን በትልቁ ከጻፈችበትና ማንም ከማይነካው መደርደሪያ፣ ማንጎዋን ልጣ፣ ቆራርጣ፣ በሳህን አቀረበችልኝ። ማንጎውን ሳይ መሞቴን አረጋገጥኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ታማሚዋ ራሷ የማታውቀው በሽታ ሲሆንስ? ዶክተሩ ቢደብቀኝ ደሜ አይደብቀኝም ብዬ ተነሳሁ። ኤልሳቤጥም «እኔ ብሆን ሳልመረመር ቢላዋ አላስነካም» ብላ አበረታታችኝ። የሰፈራችንን ሰው በግል መኪናው እያስከፈለ፣ በካር ሊፍት የሚያመላልሰው ሰለሞን አለ፤ ጉራጌ ነው፣ ልቡ ሩኅሩኅ፣ መኪናው እንደ ወንፊት የተበሳሳ። «እትዬ አበራሽ፣ ያላ፣ ግቢ፤ እስክትጠግቢ አስመረምርሻለሁ» አለኝ።

ማክሰኞ ሻርጃ፣ ሮላ አካባቢ፣ «ከጸጉር እስከ ጥፍር» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ላቦራቶሪ ገባሁ። ደም የምትቀዳው ልጅ በአንድ መርፌ ዘጠኝ ብልቃጥ ሞላች። ማን አዘዘልሽ ስትለኝ «ራሴ» አልኳት፤ ግድም አልሰጣት። ከቤት በእርጎ ዕቃ ያመጣሁትን ሰገራ ሳወጣላት ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። የዓይን ታማሚ እንደሆንኩ ስትሰማ ደግሞ ጭራሽ ተነስታ ሌላ ሰው ጠራች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ስኳር ደህና፣ ደም ደህና፣ ጉበት ደህና፣ ኩላሊት ደህና። ሰው ደስ አይለው መሰላችሁ? እኔ ግን ተቃጠልኩ። ሁሉም ደህና ከሆነ የሚደብቁት ነገር ምን ቢከፋ ነው? በመጨረሻ አንድ ኮከብ የተደረገባት መስመር አገኘሁ፤ የፀሐይ ቫይታሚን አንሶሻል ይላል። በረሃ ውስጥ እየኖርኩ! «አያችሁ!» ብዬ ጮህኩ። የላቦራቶሪው ሐኪም ለዚህች ኮከብ ብሎ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየልኝ፤ ግራ ኩላሊቴ ላይ አተር የምታህል ውኃ ያዘለች ነገር አገኘ። «ብዙ ሰው አለው፣ ጉዳት የለውም፣ ግን ከፈለግሽ...» ሲል፣ እፈልጋለሁ አልኩት ሳይጨርስ። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ እንደ ገና ደም፣ እንደ ገና ሽንት፣ እንደ ገና ፎቶ። ማታ ፖስታዬን ታቅፌ ስገባ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀለል አለኝ። ደረቴ ላይ ሳስጠጋው እንደ ሰው ታከምኩ።

ረቡዕ ደግሞ አጅማን አንድ የልብ ሐኪም ጋ ሄድን። አሳንሰሩ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ በዚያ ላይ ሰለሞን ደረጃው ላይ ስለ ሟች አክስቱ ልብ ሲያወራኝ ነበር። ሽቦውን ሲያገናኙብኝ ልቤ አንዴ ዘለል አደረጋት። አንዴ ብቻ! ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ምናልባት ምንም አይደለም፤ ለማንኛውም አንድ ቀን ሙሉ እንከታተለው» አለና ደረቴ ላይ አምስት ተለጣፊ ለጥፎ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል መሣሪያ በወገቤ አሰረልኝ። ለሃያ አራት ሰዓት እንዳላወልቅ አስጠነቀቀኝ። ወጥቼ ሰለሞን መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ነገ ሐሙስ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር ለራሴ አምኜያለሁ። መሣሪያው ወገቤ ላይ ሲታሰር ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼ እያለ ማንም ዓይኔን በቢላ አይነካም የሚል ሐሳብ አእምሮዬ ውስጥ ሽው ብሎ አልፏል። አበራሽ ፈሪ ናት ማለት ነው። ድመት ብቻዋን የምታባርር፣ ለማዳም ፊት ለፊት የምትመልስ አበራሽ፣ ከሃያ ደቂቃ ለመሸሽ ሦስት ከተማ ስትዞር ከረመች። አፈርኩ፤ ቢሆንም መሣሪያውን አላወለቅሁትም።

ሐሙስ ጠዋት ሰለሞን ክሊኒኩ አደረሰኝ። ነርሷ፣ ረጋ ያለች ሕንዳዊት የኬረላ ሴት፣ ልብስ ቀይሪ ብላ ስታግዘኝ ሽቦዎቹን አየች። ተለጣፊውን በጣቷ ነካች፣ ሳጥኑን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልቤ ነው» አልኳት።

ወዲያው ሰው ተጠራራ። የማደንዘዣው ሐኪም መጣ፣ ፖስታዬን ከፈተ፣ ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ደረደራቸው፤ አልጋው ሞላ። «ልቧ ገና ክትትል ላይ ነው ይላል። ውጤቱ ሳይመጣና የልብ ሐኪሙ ሳይጽፍልን ማስገባት አንችልም» አለ። «ለሚቀጥለው ጊዜ ትያዝ።»

የሚቀጥለው ጊዜ ከዒድ በኋላ ነው። ከዒድ በኋላ ደግሞ እኔ ደብረ ታቦር ነኝ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በሰላም የነበረችውን ልቤን ጎትቼ አምጥቼ በገዛ እጄ እንጀራዬ ላይ አስቀመጥኳት! እንባዬ ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር።

ዶክተር ፋሩቅ አረንጓዴ ልብሱን እንደ ለበሰ መጣ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሲያነብ ቅንድቡ ከቆቡ ሥር ገባ።

«ማን ነው ይኼን ሁሉ ያዘዘው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

በዚህ ጊዜ አልቻልኩም። «ዶክተር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስንት ቀን ቀረኝ?»

«ለምኑ?»

«ለመሞቴ ነዋ!»

ነርሷም፣ የማደንዘዣው ሐኪምም፣ ዶክተሩም እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን አንዴ አፌን ከፍቻለሁ፤ ስለ ጋሼ ነጋሽ፣ ስለ ክትፎው፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ፈገግታው፣ ሁሉንም በኩሽና ዐረብኛዬ ዘረገፍኩት። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውንም ልተረጉምለት ሞከርኩ፤ ጅቡ ጋ ስደርስ ትንሽ ግራ ተጋባ። ስጨርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም።

«ስሚኝ፣ አበራሽ። ሰኞ ዕለት ስለ ስኳር፣ ስለ ልብ፣ ስለ ደረጃ የጠየቅሁሽ ለወሬ አይደለም፤ ምርመራው እሱ ነበር። አንዱን እንኳ አለብኝ ብትዪኝ ኖሮ ደምም ልብም አሳይሽ ነበር። ደህና መሆንሽን ከአፍሽ ሰማሁ። ደም ብወስድ የማደርገው ያው ነው፤ ባልወስድም የማደርገው ያው ነው። ታዲያ ለምን እወጋሻለሁ? ጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ፍለጋ ካደረግሽ የሆነ ነገር መገኘቱ አይቀርም። አተርም ይገኛል፣ ኮከብም ይገኛል፣ አንዴ የዘለለች ልብም ትገኛለች።»

«ፈርቼ ነው» አልኩት።

«ይኼንን ሰኞ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለ። «ለፍርሃት የሚሆን ምርመራ የለኝም። እጅ የምትይዝ ነርስ ግን አለችኝ።»

ተነስቶ ለአጅማኑ የልብ ሐኪም ደወለ። ሐኪም ለሐኪም ቶሎ ይግባባል። መሣሪያው ሃያ ሁለት ሰዓት ስለሠራ በቂ ነው፣ አሁኑኑ ይላክ፣ አይቼ እጽፋለሁ ተባባሉ። ተለጣፊዎቹን ሲነቅሉኝ ቆዳዬ አብሮ የመጣ መስሎኝ ጮህኩ። ሳጥኑን ለሰለሞን ሰጡትና ወደ አጅማን አስፈተለኩት፤ እኔም ከተራው መጨረሻ ላይ ተደረግሁ። ስልኬ ከልብሴ ጋር ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ከቀትር በኋላ መልእክቱ መጣ፤ ልቧ ደህና ነው፣ ትግባ።

ገባሁ። ጠብታውን ጨመሩ፣ ነርሷ እጄን ያዘች፣ እኔም እጇን ልሰብረው ደረስኩ። ብርሃን አየሁ፣ ውኃ ሲፈስ ተሰማኝ፣ ዶክተሩ በአፍንጫው ዘፈን ቢጤ እያንጎራጎረ ነበር። ለጸሎት «አቡነ ዘበሰማያት» ጀምሬ ስንተኛው ላይ እንደሆንኩ ሳላውቅ «አለቀ» አለኝ። ሦስት ከተማ የዞርኩለት ነገር ይኼው ነው።

ዓይኔ ላይ እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ ለጥፈውልኝ ስወጣ ማዳም መቀበያው ክፍል ተቀምጣ አገኘኋት። ራሷ መጥታለች። ጉሙ ገና በደንብ ባይጠራም ፊቷን አየሁት፤ ስንት ጊዜዬ ነው የማዳምን ፊት ካየሁ! «ማዳም፣ ከስተሻል» አልኳት። «ማን እያበሰለልኝ?» አለችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሹፌሯ አጅማን ወስዶኝ ጓዜን ይዤ ማታውኑ ሻርጃ እንድገባ ተስማማን። ስልኬን ላበራው ብል ባትሪው ሞቷል።

አሁን እኔ ሳላውቅ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰለሞን ሳጥኑን ለልብ ሐኪሙ አድርሶ፣ ደግ ሰው አይደል፣ ይጨነቃሉ ብሎ ቢድ ስፔሱ ጎራ ይላል። እሱ የተናገረው እውነቱን ብቻ ነው። «የልብ መሣሪያዋን ነቅለው ሰጡኝ። ስትጮህ ሰማኋት። እሷን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉት። እኔን ሂድ አሉኝ» ይላል። ስልኬ ሲደወል ዝግ። ክሊኒኩ ሲደወል «ስለ ታማሚ ለማንም አንናገርም»። የቀረውን እነሱ ሞሉት። ምርመራ አያስፈልጋትም ከተባለች አራት ቀኗ አይደል?

ደረጃውን ስወጣ ነው ድምፁን የሰማሁት። ኮሪደሩ ላይ የፊሊፒንና የኬረላ ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ አንዷ ስታየኝ በጨርቅ የተሸፈነ ሩዝ እጄ ላይ አስቀምጣ «አዝናለሁ» አለችኝ። ማን ሞቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ስምንት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ ሹኩሪያ ምንጣፉ ላይ ተዘርግታለች፤ ኤልሳቤጥ መሐል ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች።

«ለዓይኗ ብላ ሄዳ ቡር ዱባይ፣
ልቧን ነቀሉባት ሰው ሳያይ።
አበራሽ፣ አበራሽ፣ የኩሽናው ጌታ፣
ምርመራ አያሻሽም አሏት በፈገግታ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። የራሱን ለቅሶ የሚሰማ ሰው ስንት አለ? ሩዙን ታቅፌ ቆሜ አዳመጥኩ። ሹኩሪያ «ወጧ ይጣፍጥ ነበር» አለች፤ ደስ አለኝ። አንዷ «ትንሽ ጨው ታበዛ ነበር» ስትል ማን እንደሆነች በደንብ አየኋት። ኤልሳቤጥ ግን፣ ያቺ ስምንት ዓመት የነታረከችኝ ኤልሳቤጥ፣ ድምፅዋ ተቆርጦ «አሁን ከማን ጋር ልጣላ? ማን ይመልስልኛል?» ብላ ተንሰፈሰፈች። እንዲህ እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር። ልቤ ያለ ሽቦ ዘለለች።

«እኔ እመልስልሻለሁ» አልኩና በሩን ገፋሁት።

የተፈጠረውን ጩኸት አጅማን በሙሉ ሰምቶታል። ሁለቱ አልጋ ሥር ገቡ፣ አንዷ «በስመ አብ» እያለች ትራስ ወረወረችብኝ፣ ሹኩሪያ ተነስታ አየችኝና መልሳ ተዘረጋች። «ሞቼ ነው ቆሜ? ነጠላችሁን መልሱ እንጂ!» ብል የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ኤልሳቤጥ ተንደርድራ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ትዳስሰኛለች፣ ትመታኛለች፣ ትስመኛለች፣ እንደ ገና ትመታኛለች።

ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ አምፖሉ ከላይ ያበራል። አዲሱ ዓይኔ ደግሞ ሁሉን ያያል። በግራ ዓይኗ ጥቁሩ ላይ የወተት ጠብታ የመሰለ ነገር አየሁ። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት።

«ኤልሲ፣ ይኼ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ለቅሶ ነው።»

«ለቅሶ ያቀላል እንጂ አያነጣም።»

ልታመልጥ ሞከረች፤ አለቀቅኋትም። የቀሩት ሹኩሪያ ላይ ውኃ እያርከፈከፉ ስለነበር የሰማን የለም። ኤልሳቤጥ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ በሕይወቴ ከእሷ ሰምቼ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ ነገረችኝ።

«ሁለት ዓመት ሆነው፤ በእሱ አይታየኝም። ተይ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። ደሜን አምስት ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ ልቤን ሁለቴ ታይቻለሁ፣ የጭንቅላት ፎቶ ተነስቻለሁ። ሁሉም ደህና ነው አሉኝ።»

«ስለ ዓይንሽስ ምን አሉሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ስባ ግራ ዓይኗን ሸፈነች።

«ዓይኔንማ ለማንም አላሳየሁም» አለች። «እፈራለኋ።»